ለማማ ያየሁላቸው አስፈሪ ፊልሞች

በአስፈሪ ፊልሞች ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ቤቱን የሚያጸዳ ሰው አለመኖሩ ነው። ጣሪያው ሸረሪት አድርቶበታል፣ የደረጃው አቧራ በጣት ይጻፍበታል፣ መጋረጃው ከተሰቀለ ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ ከዚያ ባለቤቶቹ ኮቴ ሰማን ብለው ይንቀጠቀጣሉ። እንዲህ ያለ ቤት ጂን ባይገባበት ነበር የሚገርመኝ። ደሙም ሌላ ጉድ ነው። ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ሲረጩት ያመሹና በማግስቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ማን አጠበው? በምን አጠበው? ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ ይህን የመለሰልኝ ግን የለም።

እንዲህ የሚያሰኘኝ ሙያዬ ነው። ከጂዛን ወደ ሰሜን፣ አሽ-ሹቀይቅ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንዲት አሮጊት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማማ እላቸዋለሁ፤ እዚያ አገር እኛ ሠራተኞች የቤቱን ትልቅ ሴት የምንጠራው እንዲያ ነው። ማማ ጡረታ የወጡ የአረብኛ መምህርት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ አንድያ ልጃቸው አግብታ ጅዳ ትኖራለች። ጠዋት ቁርኣን ይቀራሉ፣ ጎረቤት ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ግቢያቸው ውስጥ ፉል የሚሉትን ነጭ አበባ ይንከባከባሉ። የከሰዓቱን የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ ደግሞ ሬሳ ከመቃብር ሲነሳ ያያሉ።

ጥቂት ሳምንት ልጆች ከጠበቅሁበት ሌላ ቤት ወጥቼ እሳቸው ጋ የገባሁ ቀን «ፊልም ትፈሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈራም አልኩ። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው ምንም ቢጠየቅ አልፈራም ነው የሚለው፤ አንበሳ ታጥቢያለሽ ወይ ቢሉኝም አጥባለሁ እል ነበር። ወዲያው ከጎናቸው መሬት ላይ አስቀመጡኝና አንድ ሰውዬ በመጥረቢያ በር ሲፈልጥ አየን።

አየን ማለቴ ለወጉ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ማማ ሙዚቃው ወፈር ማለት ሲጀምር የሻሻቸውን ጫፍ ይይዛሉ፤ በሩ ሲጢጥ ሲል ሻሹ ዓይናቸው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ነው። «ኡኽቲ፣ ምን ሆነ?» ይላሉ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። እኔም በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ «ሰውየው በር ከፈተ። በሩ ብቻውን ተዘጋ። አሁን ወደ ምድር ቤት እየወረደ ነው» እላለሁ። ማማ ከሻሹ ሥር ሆነው «ሞኝ ነው። አይውረድ በይው» ይሉኛል። እኔም እለዋለሁ። ሰሚ የለም፣ ይወርዳል።

አረብኛ የተማርኩት እንዲህ ነው። ስለዚህ ሽንኩርት ማለት ሳልችል የሬሳ ሳጥን ማለት ቻልኩ። ሱቅ ስላክ በጣቴ እየጠቆምኩ እገዛ ነበር፤ መቃብር ቆፋሪ ቢመጣብኝ ግን ቁጭ ብለን ስንጨዋወት እንውል ነበር።

ቀስ በቀስ ነገሩ ጣመኝ። ማማ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበራቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከግብፅ ያመጡላቸው፣ ስለ አስፈሪ ፊልሞች ከጥንት እስከ ቅርብ ጊዜ የሚተርክ፣ ፎቶ የሞላበት። እኔ የአረብኛ ፊደል ከአገሬ ቁርኣን ቤት አውቃለሁ፤ ድምፁን አወጣለሁ እንጂ ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። ማማ «አንቺ አንብቢ፣ እኔ አርምሻለሁ» አሉ። እየተንፏቀቅሁ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያርማሉ። አንዳንዴ ቃሉ ጋ ሳልደርስ ያርሙኛል። የመምህር ነገር ነው ብዬ ተደነቅሁ። ለእናቴ በስልክ፣ ባለቤቲቱ ራሳቸው ቁጭ ብለው ያስተምሩኛል ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እናቴም በምን መጽሐፍ ስትለኝ፣ የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ መጽሐፍ ብዙ ተማርኩ። የጥንቶቹ ፊልም ሠሪዎች የሚያስፈራውን ነገር አያሳዩም ነበር፤ ጥላውን ያሳዩና የቀረውን ለተመልካቹ ይተዉለታል። የጥንት ሙት ምግባር አለው። ለብሶ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወጣል። የዘንድሮው ሙት ከቁም ሳጥን ውስጥ እንደ ባለጌ ጎረምሳ ዘሎ ይወጣና ጆሮ ላይ ይጮሃል። ማማ በዚህ አይስማሙም። አዲሶቹም ደህና አሉ ይሉኛል፤ ሰው እናቱን ቀብሮ ሐዘኑን ማንም ሳያይለት ሲቀር ቤቱ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ አሉ፣ ጩኸቱን ታግሰሽ እዪ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እናቱን ቢቀብርም ቤቱን ይጥረግ እላለሁ። በዚህ ተከራክረን ሻይ የቀዘቀዘብን ጊዜ ብዙ ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ማማ አብዝተው የሚያስነብቡኝ ስለ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም የተጻፈውን ነበር። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስቱ ትሞትበታለች፤ እሷ ግን ሥራዋን አልለቅም ብላ በየምሽቱ እየመጣች እህል ታስፈጫለች። ጸሐፊው የሴትየዋ እጅ ለብቻው በዱቄት ነጥቶ የሚታይበትን ቦታ ሁለት ገጽ ሙሉ አሞግሶታል። ማማ ይህን ፊልም ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው አላገኙትም። እኔም ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ ሴትየዋ ጎረቤታችን መስላኝ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ተንኮል አማረኝ። የዚያን ቀኑ ፊልም አዲስ ነው፤ ሞታ የተነሳች አንዲት ልጅ አለች፣ የፊቷ ግማሽ የለም። ልጅቷ ስትመጣ ማማ እንደ ልማዳቸው ተሸፈኑ። «አለፈች?» አሉኝ። አላለፈችም። ፊቷ ቴሌቪዥኑን ሞልቶታል፣ ጥርሷ ይቆጠራል። «አለፈች ማማ፣ ይዩ» አልኩና ሳቄን አፍኜ ጠበቅሁ። ማማ ሻሹን አወረዱ። ያንን ጉድ ፊት ለፊት አዩት። ተንፈስ ብለው «አልሐምዱሊላህ። ይቺ እናትየዋ ናት? ደስ የምትል ሴት ናት» አሉ።

መሳቁን ተውኩት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ላይ የሚያስቀምጡት፣ ዓሣ አጥማጁ በር ላይ ሲመጣ ዓሣውን እያሸተቱ በአውራ ጣት የሚጫኑት፣ ለልጃቸው መልእክት ሁልጊዜ በድምፅ የሚልኩት። እኔ ይህን ሁሉ የትልቅ ሰው ወግ ብዬው ነበር። ተማሪ ነኝ ብዬ የኮራሁበት መጽሐፍም እንደዚያው፤ ለካ እኔ መነጽራቸው ነበርኩ። ለአፍታ ከፋኝ። ወዲያው ደግሞ አደነቅኋቸው። ከፊልም ዓይነት ሁሉ፣ ሰው ዓይኑን ቢሸፍን ማንም ለምን የማይለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሳቸው መርጠው እሱን ያዙ። የሠርግ ፊልም ወዳድ ቢሆኑ ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ ይነቃባቸው ነበር።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና «ማማ፣ ልጅቷን አላዩአትም አይደል?» አልኳቸው።

ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «ፊት ካየሁ ቆየሁ» አሉ። «ብርሃን አያለሁ፣ ጥላ አያለሁ። ልጄ ከሰማች በማግስቱ ወስዳ ጅዳ ፎቅ ላይ ታስቀምጠኛለች። ይህን ቤት እጄ ያውቀዋል። ባሕሩን እሰማዋለሁ። እዚያ ሄጄ ወንበር ላይ የምቀመጥ ዕቃ ነው የምሆነው። እንዳትነግሪያት፣ ኡኽቲ። ኸላስ፣ በቃ።»

ሐኪም ቤትስ ብላቸው፣ ሐኪም ከሰማ ልጄም ትሰማለች አሉኝ። እናታቸውም በስተርጅና እንዲሁ ጨልሞባቸው እንደሞቱ ነገሩኝ፤ በቤተሰባቸው የዓይን ነገር እንዲህ ነው ብለው ዘግተውታል። ቤታቸውን ማጣት ከዓይናቸው ይልቅ ያስፈራቸው ነበር። እኔም ቃል ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ስትመጣ ቲያትር ነው የምንሠራው። በሩን ስከፍት ጮክ ብዬ «ማዳም፣ ሰማያዊ እንዴት ያምርብዎታል» እላለሁ። ማማም ከመጅሊሱ፣ ከእንግዳ መቀበያው ሆነው «ቀረብ በይ፣ ሰማያዊሽን ልየው» ይላሉ። ልጃቸው ደስ ይላታል። የእሷ ባል እንኳ ልብሷን ያን ያህል አያይላትም ነበር።

በዒድ ሰሞን ልጃቸው ብቻዋን መጣች፤ ኮምፒውተር ይዛለች፣ ፊቷ በራ ብሏል። ያንን የወፍጮ ቤት ፊልም ከኢንተርኔት ፈልጋ አግኝታዋለች። እናቷን ለማስደሰት ስንት ጊዜ እንደለፋች እየነገረችን ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘች። ማማ «ያ ሰላም» ብለው ተደነቁ፤ መቁጠሪያቸውን ግን አንዴ ጨርሰው ወዲያው እንደገና ጀመሩት። እኚያን ሴት ፊልም በእውነት ሲያስፈራቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፅ የሌለው ፊልም፣ ወፈር የሚል ሙዚቃ የሌለው፣ በሩ ሲጢጥ የማይል። በየመሃሉ የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ። ልጃቸው ደግሞ በእኔና በእሳቸው መካከል ተቀመጠችና «ዛሬ አስተርጓሚ አያስፈልግም» ብላ ቀለደችብኝ።

ሌላ መላ አልታየኝም፤ እኔ እጮሃለሁ ብዬ ወሰንኩ። የሚያስፈራው ሲመጣ ስጮህ ማማ ያውቃሉ። ጩኸት አላውቅበትም፤ እዚያ ቤት አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም። የሞተችው ሚስት ፊት መስኮቱ ላይ ብቅ ሲል «ያ ረቢ» ብዬ ለቀቅሁት። ግቢ ውስጥ የተኛች ድመት ወጥታ ሄደች።

ማማ ጩኸቴን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። በመጽሐፉ ሁለት ገጽ የተሞገሰው ቦታ የደረሰ መሰላቸው። ፊታቸው ፈካ፣ የክፍል ውስጥ ድምፃቸው መጣ። «ሹፊ፣ እጇን እዪ! ዱቄቱን አየሽው? ከሞተች በኋላም አልለቀቃትም» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ እጅ የለም። ዱቄትም የለም። ልጃቸው ያገኘችው ቅጂ ያ ቦታ ጨርሶ የሌለበት ነበር። ሴትየዋ ከመስኮቱ ጠፍታለች፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ማማ ግን ሾርባ የሚጠጣውን ሰውዬ በፍቅር እያዩ ስለ እጅ ውበት ማብራራታቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየችም። እናቷን ነው ያየችው። እጇን ቀስ ብላ አነሳችና በእናቷ ፊት ወዲያና ወዲህ አደረገችው። ማማ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

«ዩማ፣ እናቴ» አለች። «የልጄን ፎቶ ስልክልሽ፣ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረበትን፣ ማሻአላህ ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

ማማ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ኳስ ሲጫወት የተነሳው መስሎኝ ነው» አሉ።

ልጃቸው እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ያን ማሻአላህ ይዛ ስትቆዝም ነው የከረመችው፤ እናቴ ልጆቼን አትወድም፣ ባሌንም ተቀይማዋለች ብላ ራሷን ስትበላ። ከዚያ ልቅሶው ወደ ቁጣ ዞረ። ነገውኑ ጅዳ እንሄዳለን አለች። ማማ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው አሉ። እሷ ሻንጣ ልታወጣ ተነሳች፣ እሳቸው የመጅሊሱን ትራስ እንደ ሰው አቅፈው ያዙ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ አንቺም ታውቂ ነበር አለችኝ።

አውቅ እንደነበር አልካድኩም። ፊቴን ግን ወደ ማማ አዞርኩ። «ማማ፣ ምድር ቤት የሚወርደውን ሰውዬ ሞኝ ነው ይሉት የለ? እየጮኽንለት አልሰማ የሚለውን? አሁን እየወረዱ ያሉት እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት፣ የጅዳው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።»

ሠራተኛ ለአሠሪዋ እንዲህ ብላ የምትናገርበት አገር አይደለም። ልጃቸው ደንግጣ አየችኝ። ማማ ግን ትራሱን ቀስ ብለው አስቀመጡና ሳቁ። «ያላ፣ እንሂድ» አሉ። «ደረጃው ላይ ሳለሁ መለሰችኝ።»

ውሉ ያኔውኑ ተቋጨ፤ ሐኪሙ ካዳናቸው ቤታቸው ይቀራሉ፣ ካላዳናቸው ያለ ክርክር ጅዳ ይሄዳሉ። ጂዛን ከተማ ወስደን አሳየናቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለን፤ በአንደኛው ዓይን እንጀምር አለ። እንዴት እንደሚገፈፍ ሲያስረዳ ልጃቸው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ማማ ግን ተመቻቹ። መርፌው ምን ያህል ነው፣ ደም አለው ወይ፣ እኔ ነቅቼ ነው ወይ የምትሠራው እያሉ ጠየቁት። ደም ብዙ የለውም ሲላቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሞራው በተገፈፈ ማግስት ጠዋት ዓይናቸው ላይ የተለጠፈውን ሊያነሱላቸው ገባን። ይህን ትዕይንት በፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሐኪሙ ፋሻውን ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ሰውየው ዓይኑን ይገልጣል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ የሚታየው ነገር ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ነርሷ ልጥፉን አነሳች። ማማ ዓይናቸውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ነበረች። ረጅም ጊዜ አዩአት፣ ጉንጯን ዳሰሱ፣ ከዚያ ጠጉርሽ ሸብቷል፣ ለምን አታቀልሚውም አሏት። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ቤታቸው እንደቀረላቸው ያኔ አወቅሁ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

«ሠራተኛዬስ?» አሉ ማማ።

እኔ በሩ ጥግ ነበርኩ። ዛሬ መጨረሻ ላይ የሚታየው ነገር እኔ ነኝ ማለት ነው። ሻሼን አስተካክዬ ቀረብ አልኩ። ማማ አዩኝ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። ከእኔ ኋላ ሌላ ሰው ፈለጉ። «እኔ ነኝ ማማ» ስላቸው ድምፄን አወቁት፤ ድምፄ ወፍራም ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድ ይመስላል ይሉኝ ነበር። ድምፁን ከፊቱ ጋር ሊያገናኙ ቢሞክሩ አልገጠመላቸውም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ።

እንደ ልማዴ ፓስፖርቴ ላይ ያለውን ተናገርኩ። አገር ቤት ደላላው በእውነተኛ ዕድሜሽ አያሳልፉሽም ብሎ ብዙ ዓመት ጨምሮልኝ ነበር፤ ብዙዎቻችን የመጣነው እንዲያ ነው። ማማ ያንን ወረቀትና ይህን ድምፅ ይዘው፣ አርባ የተጠጋች ሴት ከጎናቸው ያለች መስሏቸው ነው እህቴ ሲሉኝ የኖሩት። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ተማሪያቸውን እንደሚመረምር መምህር። ያን ጊዜ ሃያም አልሞላኝም ነበር።

«ልጅ ናት» አሉ፤ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ያን ሁሉ ሬሳ፣ ያን ሁሉ ደም፣ እኔ ተሸፍኜ ልጅ ነው ሳሳይ የኖርኩት።» ልጃቸው መሬት መሬት አየች፤ እሷ ፊቴን ስታየው ነው የኖረችው። ማማ አገጬን ሳይለቁ ወደ እኔ ተመለሱ። «ለእንዲህ ያለ ነገር አንቺ ገና ነሽ።»

ዕድሜዬን የጨመረው ደላላ እንዲህ አላለኝም። ፓስፖርቱን ገልጦ ፊቴን እያየ ማኅተም የመታውም አላለኝም። ከማማ በፊት የተቀጠርኩበት ቤት ሰዎች ልጆቻቸውን ሁሉ ለእኔ ጥለው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱም ማንም አላለኝም። ለአንድ ነገር ገና ነሽ ያለኝ ሰው ያ የመጀመሪያው ነበር። እዚያው ነርሷ ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ላቆመው ብሞክር እምቢ አለኝ።

ማማ ፊልም ስለከለከሉኝ የማለቅስ መስሏቸው ደነገጡ። እጄን ያዙና ልጃቸው እንዳትሰማ ቀስ ብለው «በቃ፣ እሺ፣ አሮጌዎቹን ብቻ» አሉኝ።